መርከቦች በጉም ውስጥ እንዳይጋጩ ደወል የሠሩት ክርስቲያን ሁልስማየር

በዓለም አቀፍ የባሕር መስመሮች የሚመላለሱ ትላልቅ የንግድ መርከቦች ከሌሎች መርከቦች ጋር እንዳይጋጩ የሚያግዙ መሣሪያዎችን የመታጠቅ ዓለም አቀፍ ግዴታ አለባቸው። በማዘዣ ክፍላቸው የተተከለው ራዳር በዙሪያቸው የሚንቀሳቀሱ መርከቦችን ይከታተላል፤ ከራዳሩ ጋር የተያያዘው ኮምፒዩተር ደግሞ የእያንዳንዱን መርከብ ፍጥነትና አቅጣጫ አስልቶ በስንት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ሊቀርብ እንደሚችል ያመለክታል። አደጋ ሲያንዣብብም ለተረኛው መኮንን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል።

ራዳር በአብዛኛው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጤት ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁንና ጦርነቱ ከመጀመሩ 35 ዓመታት ቀደም ብሎ አንድ የ22 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት በሬድዮ ሞገድ አማካኝነት የመርከብን መኖር የሚያሳውቅ መሣሪያ ሠርተው በሕዝብ ፊት አሳይተዋል፤ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫም አግኝተውበታል። ዓላማቸው ጠላትን መፈለግ ሳይሆን በጉምና በጨለማ የሚጓዙ መንገደኞችን ሕይወት ማዳን ነበር። ያጡት ገዢ ነው። ክርስቲያን ሁልስማየር ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁልስማየር የተወለዱት በዲሴምበር 25 ቀን 1881 በሰሜን ጀርመን፣ ኤይደልሽቴት በተባለች የገጠር መንደር ነው። ገና በልጅነታቸው ባሳዩት የትምህርት ዝንባሌ ምክንያት በ1896 ብሬመን ከተማ ወደሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። ብሬመን በቬዘር ወንዝ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ በወንዙ አፍ ካለው ወደቧም በየሳምንቱ ስደተኞችንና ነጋዴዎችን የጫኑ መርከቦች ወደ አሜሪካ የሚነሱባት የባሕር ንግድ ከተማ ነበረች። በመሆኑም የመርከብ አደጋ ወሬ ለነዋሪዎቿ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

ወጣቱ ብሬመን ከመግባታቸው አንድ ዓመት በፊት፣ በጃንዋሪ 30 ቀን 1895፣ ንብረትነቷ የዚያው ከተማ የመርከብ ኩባንያ የሆነው ኤልበ የተሰኘችው የመንገደኞች መርከብ በሰሜን ባሕር ላይ ክራቲ ከተባለች አነስተኛ የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ጋር በሌሊት ተጋጭታ ሰጥማለች። በመርከቧ ላይ ከነበሩት 354 ሰዎች መካከል በሕይወት የተረፉት 20 ብቻ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በጁላይ 1898 ደግሞ ላ ቡርጎኝ የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ አቅራቢያ በከባድ ጉም ውስጥ ከአንዲት ባለሸራ መርከብ ጋር ተጋጭታ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት አልፏል።

በዘመኑ የነበረው መከላከያ የሰው ዓይንና ጆሮ ነው። በሌሊት መብራት ይበራል፤ በጉም ጊዜ ፍጥነት ይቀነሳል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ በመርከቡ ፊት ለፊት የቆመው ጠባቂም ከማዶ የሚመጣ ድምፅ እንዳለ ያዳምጣል። ይሁን እንጂ ጉም ድምፅን ስለሚያዛባ ጥሩንባው ከየት በኩል እንደተሰማና ከምን ያህል ርቀት እንደመጣ በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቸግራል። በሌላ በኩል መርከቦቹ በየዓመቱ እየገዘፉና እየፈጠኑ በመሄዳቸው አንዱ ሌላውን አይቶ መንገድ ለመቀየር የሚያገኘው ጊዜ እያጠረ መጥቶ ነበር።

ሁልስማየር በብሬመን ሳሉ በመርከብ ግጭት ልጇን ያጣች አንዲት እናት ስታለቅስ ተመልክተው እጅግ እንዳዘኑና የኋላው ሐሳባቸው ከዚያ እንደተጸነሰ ይነገራል። ታሪኩ እውነትም ሆነ በኋላ የዳበረ ትረካ፣ ወጣቱ በማሠልጠኛው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲሞክሩት የነበረው ነገር ለችግሩ መልስ የሚሆን ነበር።

የሙከራው መነሻ የሌላው ጀርመናዊ ሊቅ የሃይንሪሽ ሄርዝ ሥራ ነው። ሄርዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ በካርልስሩኸ ከተማ ባካሄዷቸው ምርምሮች የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ መኖሩን በተግባር ከማረጋገጣቸውም በላይ ሞገዱ እንደ ብርሃን ሁሉ ከብረት ሰሌዳ ላይ ተንፀባርቆ እንደሚመለስ አሳይተዋል። ሄርዝ በ1894 ገና በ36 ዓመታቸው ያረፉ ሲሆን፣ ግኝታቸውን ለሥራ ለማዋል የተነሱት እነ ማርኮኒ ትኩረታቸውን ያደረጉት መልእክት ያለ ሽቦ በማስተላለፍ ላይ ነበር። የሞገዱ ተንፀባርቆ መመለስ ለእነርሱ የሚጠቅም ነገር አልነበረም። ሁልስማየር ግን የያዙት ይህንኑ ነው። ሞገዱ ከብረት ላይ ነጥሮ የሚመለስ ከሆነ፣ የመርከብ አካል ደግሞ ብረት ከሆነ፣ ጉሙ ዓይንን ቢጋርድም ሞገዱን ሊጋርደው አይችልም።

በ1900 የመምህርነት ሥልጠናቸውን ሳያጠናቅቁ አቋርጠው በዚያው በብሬመን በሲመንስ ኩባንያ ተለማማጅ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያም የኤሌክትሪክ ሥራን በእጃቸው ተማሩ። በ1902 ሥራቸውን ለቀው ታላቅ ወንድማቸው ወደሚኖሩባት ዱስልዶርፍ ከተማ በመሄድ በወንድማቸው ድጋፍ አነስተኛ ወርክሾፕ አቋቋሙ። ልብ ሊባል የሚገባው ወጣቱ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ የምርምር ተቋምም ሆነ የመንግሥት ድጋፍ ያልነበራቸው መሆኑ ነው።

ገንዘብ ለማግኘት በጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ። ለማስታወቂያው ምላሽ የሰጡት የኮሎኝ ከተማው የቆዳ ነጋዴ ሃይንሪሽ ማንሃይም ነበሩ። ማንሃይም ከትርፉ ድርሻ ለማግኘት ተስማምተው ለመነሻ የሚሆን 2000 ማርክ አዋጡ። ሁለቱ ሰዎች በጁላይ 1904 በመሣሪያው ስም የተሰየመ ኩባንያ በኮሎኝ አስመዘገቡ። መሣሪያው ቴሌሞቢሎስኮፕ የሚል ስያሜ የተሰጠው ሲሆን፣ ቃሉ ከግሪክና ከላቲን ተውጣጥቶ የተገጣጠመ፣ በሩቅ የሚንቀሳቀስን ነገር መመልከቻ የሚል ትርጉም ያለው ነው።

የመሣሪያው አሠራር ዛሬ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በአንድ በኩል የኤሌክትሪክ ብልጭታ በመፍጠር ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል አለው። የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲወጣ የሚያደርግ የብረት መጋረጃ ተሠርቶለታል። ይህ ክፍል እየዞረ በዙሪያው ያለውን የባሕር ገጽ እንዲያስስ ታስቦ የተሠራ ነው። ሞገዱ በመንገዱ ላይ የብረት አካል ሲያጋጥመው ከፊሉ ይመለሳል። ተመላሹን ሞገድ የሚቀበለው ደግሞ ኮሄረር የሚባል፣ በብረት ብናኝ የተሞላ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ነበር። ብናኙ በተለመደው ጊዜ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሞገድ ሲደርሰው ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ያሳልፋል። በዚህን ጊዜ የኤሌክትሪኩ መስመር ይዘጋና ደወል ይደውላል። እንደ ኮምፓስ ያለ ጠቋሚም ከሚዞረው ክፍል ጋር እኩል እየተንቀሳቀሰ ሞገዱ የተመለሰበትን አቅጣጫ ያመለክታል።

እዚህ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ደወሉ ነው። መርከቡ ላይ ያለው ሰው ምንም ነገር መስማትም ሆነ ማየት ሳይጠበቅበት መሣሪያው በራሱ ጊዜ ያስጠነቅቀዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ የባሕር መሐንዲሶች አውቶማቲክ ማስጠንቀቂያ ብለው የሠሩት ነገር መሠረታዊ ሐሳብ በዚህ የብልጭታና የብረት ብናኝ መሣሪያ ውስጥ ይገኛል።

መሣሪያው በሜይ 17 ቀን 1904 በኮሎኝ ከተማ ለሕዝብ ቀረበ። በዕለቱ የመርከብ ኩባንያዎች ተወካዮችና ጋዜጠኞች ተገኝተው ነበር። በራይን ወንዝ ላይ መርከብ ሲቃረብ ደወሉ ደወለ፤ መርከቡ ከሞገዱ መንገድ ሲወጣ ደግሞ ዝም አለ። ዜናው ከጀርመን አልፎ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋዜጦችም ወጣ። ለመሣሪያው የተሰጠው የጀርመን ፓተንት በኤፕሪል 30 ቀን 1904 የተመዘገበና ቁጥሩ 165546 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በብሪታኒያም ተመሳሳይ ማረጋገጫ ተገኝቷል።

ከኮሎኙ ዝግጅት በኋላ ሳምንታት ሳያልፉ ከኔዘርላንድስ ግብዣ መጣ። ሆላንድ አሜሪካ የተባለው የመንገደኞች መርከብ ኩባንያ ኃላፊ ጉዳዩን ሰምተው ስለነበር፣ የመርከብ ድርጅቶች በተሳተፉበት የባሕር ጉዞ ቴክኒክ ስብሰባ ላይ መሣሪያው እንዲቀርብ አደረጉ። በጁን 9 ቀን 1904 ቴሌሞቢሎስኮፕ ኮሎምበስ በተሰኘች አነስተኛ መርከብ ላይ ተጭኖ በሮተርዳም ወደብ ውስጥ እየተዘዋወረ ተሞከረ። በአካባቢው የነበሩ መርከቦችን መኖር ደወሉ አሳወቀ። በዚያን ጊዜ ሁልስማየር ይጠብቁት የነበረው ርቀት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነበር።

ይሁንና የባሕር ሰዎች አንድ ተገቢ ጥያቄ አነሱ። ደወሉ መርከብ መኖሩን ይናገራል፤ ጠቋሚው ያለበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ታዲያ ያ መርከብ ምን ያህል ይርቃል? ርቀቱ ሳይታወቅ መሪውን ማዞር ከአንዱ አደጋ ሸሽቶ ወደ ሌላው መግባት ሊሆን ይችላል። ሁልስማየር ለጥያቄው ፈጥነው መልስ ፈለጉ። በኖቬምበር 11 ቀን 1904 የተመዘገበው ሁለተኛው ፓተንታቸው፣ ቁጥሩ 169154፣ ማሰራጫውን ከመርከቡ ከፍታ ወደ ታች በማዘንበል ሞገዱ የተመለሰበትን ማዕዘን ለክቶ ርቀቱን በስሌት ማግኘት የሚቻልበትን ዘዴ የያዘ ነበር። የሞገዱን ምልልስ ጊዜ በመለካት ርቀትን የማወቅ ዘዴ፣ ኋላ ራዳርን ራዳር ያደረገው፣ በዚያን ዘመን መሣሪያ የሚሞከር አልነበረም። ሞገዱ 3 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ 50 ሺህኛ እጅ ገደማ ብቻ ነውና።

ከዚህ በኋላ ያለው የደብዳቤዎችና የእምቢታዎች ታሪክ ነው። የመርከብ ኩባንያዎች መሣሪያውን አድንቀው ሳይገዙት ቀሩ። በአልፍሬድ ቲርፒትዝ ይመራ የነበረው የጀርመን ባሕር ኃይል ፍላጎት እንደሌለው አሳወቀ፤ ምክንያቱ የራሱ ባለሙያዎች የተሻለ ሐሳብ አላቸው የሚል እንደነበር ይነገራል። በ1903 የተቋቋመውና በአገሪቱ የሬድዮ ቴክኖሎጂ ግንባር ቀደም የነበረው ቴሌፉንከን ኩባንያም የፈጠራውን መብት እንዲገዛ ቀርቦለት አልተቀበለውም።

በአንዳንድ ጽሑፎች ላይ ይህ ሁሉ የኃላፊዎች አርቆ ያለማየት ውጤት ተደርጎ ቢቀርብም፣ ነገሩ በጥሞና ሲታይ እምቢታው ምክንያት አልባ አልነበረም። የመጀመሪያው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። መሣሪያው የሚቀበለውን ሞገድ መምረጥ አይችልም ነበር። ስለሆነም በአቅራቢያው ያለ ሌላ መርከብ የቴሌግራፍ መልእክት ሲያስተላልፍ ደወሉ ሊደውል ይችላል። በዚያን ጊዜ የሬድዮ ቴሌግራፍ በመርከቦች ላይ በፍጥነት እየተስፋፋ ስለነበር፣ ያለ ምክንያት የሚደውል ደወል ደግሞ ውሎ አድሮ ሰሚ ስለማይኖረው፣ ጉድለቱ ቀላል አልነበረም።

ሁለተኛው የርቀቱ ማነስ ነው። በሰዓት 20 ኖቲካል ማይል የሚጓዝ መርከብ 3 ኪሎ ሜትሩን በአምስት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ መርከቦች ፊት ለፊት ሲመጡ ደግሞ የሚቀራቸው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህ ጊዜ ለከባድ መርከብ አጭር ቢሆንም፣ በጉም ውስጥ ከምንም የሚሻል መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

ሦስተኛው ምክንያት የንግድ ጉዳይ ሲሆን፣ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው እርሱ ነው። የማርኮኒ ኩባንያ በዚያን ጊዜ የሬድዮ መሣሪያዎቹን ለመርከቦች የሚያከራየው ከነሠራተኞቻቸው ሲሆን፣ በውሉም መሠረት መርከቦቹ የሌላ ድርጅት መሣሪያ ከሚጠቀሙ ጋር እንዳይገናኙ ይከለክል ነበር። አሠራሩ በርካታ መንግሥታትን በማስቆጣቱ በ1906 በበርሊን የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሬድዮ ቴሌግራፍ ጉባኤ ተወያይቶበታል። ከማርኮኒ ጋር የተዋዋሉ የመርከብ ድርጅቶች ሞገድ የሚያመነጭ ሌላ መሣሪያ ለመትከል እጃቸው የታሰረ ነበር። መርከብ ላይ የደህንነት መሣሪያ እንዲተከል የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ሕግ ደግሞ ገና አልነበረም። ኩባንያዎቹን የሚጠይቅ፣ የሚቆጣጠርና የሚያስገድድ አካል በሌለበት ሁኔታ ውሳኔው የሒሳብ ክፍሉ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ማንሃይም ገንዘባቸው ሲያልቅ ሽርክናው ተዳከመ። ኩባንያው በኦክቶበር 1905 ከንግድ መዝገብ ላይ ተሰረዘ። ሁልስማየር በዚያን ጊዜ 24 ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ተስፋ ቆርጠው ግን አልተቀመጡም። ፊታቸውን ወደ እንፋሎት ማሞቂያዎችና የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች በማዞር በዱስልዶርፍ የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ። በተለይ ቧንቧና ማሞቂያ እንዳይዝጉ የሚያደርጉ የውሃ ማጣሪያዎችን በመሥራት ጥሩ ገበያ አገኙ። በ1910 ትዳር መሥርተው ስድስት ልጆች ወልደዋል። በሕይወት ዘመናቸው ወደ 180 የሚጠጉ የፈጠራ ማረጋገጫዎች ያገኙ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። ያልተሳካለት ፈጣሪ ሲባል በድህነት የሞተ ሰው ለሚታሰበው አንባቢ የእርሳቸው ሕይወት ከዚህ የተለየ ነው። ሁልስማየር ባለጸጋ ነበሩ፤ ያልተሳካላቸው ለመርከብ መንገደኞች ያሰቡት ነገር ነው።

ባሕሩ በበኩሉ ሰው መውሰዱን አላቆመም። ታይታኒክ በኤፕሪል 1912 በሌሊት ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ከ1500 በላይ ሰዎች አለቁ። የታይታኒክ አደጋ የመርከብ ከመርከብ ግጭት ባይሆንም ዓለም አቀፍ ስብሰባ እንዲጠራ ምክንያት ሆኖ፣ በ1914 በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደህንነት የሚመለከተው የመጀመሪያው ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ በተፈረመ በወራት ውስጥ፣ በሜይ 29 ቀን 1914፣ ኤምፕረስ ኦፍ አየርላንድ የተሰኘችው መርከብ በካናዳ ሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ስቶርስታድ ከተባለች የኖርዌይ የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። ሁለቱ መርከቦች ጉሙ ከመውረዱ በፊት ከሩቅ ተያይተው ነበር። ጉሙ ሲጋርዳቸው ግን እያንዳንዳቸው የሌላውን አካሄድ በግምት ወሰኑ። ኤምፕረስ በ14 ደቂቃ ውስጥ ስትሰጥም 1012 ሰዎች ሞቱ። ከአሥር ዓመት በፊት በራይን ዳርቻ የደወለው ደወል ታስቦ የተሠራው በትክክል ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነበር።

የሬድዮ ሞገድን ነጸብራቅ ለሥራ የማዋሉ ሐሳብ በአዲስ መልክ የተነሳው በ1930ዎቹ ነው። የጀርመን ባሕር ኃይል በሩዶልፍ ኩንሆልድ አማካኝነት ሙከራ ጀምሮ በ1935 መርከብን ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ማግኘት ቻለ። ይህ ተቋም የሁልስማየርን ሐሳብ ሳይቀበል ከቀረ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። በዚሁ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር በብሪታኒያ ሮበርት ዋትሰን ዋት አውሮፕላንን በሬድዮ ሞገድ መለየት እንደሚቻል አሳዩ። ፈረንሳዮችም በ1935 አገልግሎት ለጀመረችው ኖርማንዲ ለተባለች ታላቅ የመንገደኞች መርከብ በመንገዷ ላይ ያለን እንቅፋት የሚያሳውቅ መሣሪያ ገጠሙላት። ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ሥራውን አፋጠነው። በ1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማግኔትሮን አጭርና ኃይለኛ ሞገድ ማመንጨት በማስቻሉ ራዳር በመርከብ ላይ ለመጫን የሚበቃ ሆነ። ራዳር የሚለው ስያሜ ራሱ የወጣው በ1940 በአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ራዳር ወደ ንግድ መርከቦች ሲገባ የሁልስማየር ስም እንደገና መነሳት ጀመረ። የድሮ ፓተንቶቻቸው ከየመዝገቡ ወጥተው ታዩ። በ1950ዎቹም ሰባ ዓመት ያለፋቸው የማሞቂያ ፋብሪካ ባለቤት በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የቀዳሚነት ክብር ተሰጣቸው። እርግጥ የራዳርን አባትነት በሚመለከት ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ርቀትን የማይለካ መሣሪያ ራዳር ሊባል አይገባም የሚሉ አሉ። ከሩቅ ያለን ነገር በሞገድ ነጸብራቅ ያሳወቀው የመጀመሪያው መሣሪያ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ የኮሎኙ ቴሌሞቢሎስኮፕ ነው።

ሁልስማየር በሕይወት ሳሉ፣ በጁላይ 25 ቀን 1956፣ ራዳር ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያሳየ አደጋ ደረሰ። አንድሪያ ዶሪያ የተሰኘችው የኢጣሊያ መርከብና ስቶክሆልም የተሰኘችው የስዊድን መርከብ በአሜሪካ ናንተኬት ደሴት አቅራቢያ ተጋጩ። ሁለቱም ራዳር ነበራቸው፤ ሁለቱም አንዳቸው ሌላውን ከመገናኘታቸው አስቀድመው በራዳር አይተዋል። ሆኖም የአንድሪያ ዶሪያ መኮንኖች የሚቀርበው መርከብ በቀኛቸው በኩል ያልፋል ብለው ወደ ግራ ሲታጠፉ፣ የስቶክሆልም መኮንን ደግሞ በግራው በኩል ያልፋል ብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ። በአንድሪያ ዶሪያ ላይ የሌላውን መርከብ አካሄድ በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እያስቀመጡ የማስላቱ ሥራም አልተሠራም ነበር። በአደጋው 51 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከ1600 በላይ የሚሆኑት ሌሎች መርከቦች በፍጥነት በመድረሳቸው ተርፈዋል።

ከዚህ አደጋ ስድስት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 1957፣ ክርስቲያን ሁልስማየር በአርቫይለር ከተማ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እርሳቸው የጀመሩት ሥራ ከዚያ ወዲህ የሄደው ርቀትን ከመለካት አልፎ ስሌቱን ከሰው ወደ መሣሪያ በማዛወር አቅጣጫ ነው። በ1969 ታይሚር በተባለች የኖርዌይ የጭነት መርከብ ላይ የተገጠመው መሣሪያ በራዳር የታዩትን መርከቦች አካሄድ በኮምፒዩተር እያሰላ ግጭት የሚያሰጋበትን ሁኔታ በራሱ ያመለክት ነበር። በ1972 የጸደቀውና በ1977 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ደግሞ ራዳር ያለው መርከብ በአግባቡ እንዲጠቀምበት፣ ከራዳር በተገኘ ጥቂት መረጃ ብቻም ድምዳሜ ላይ እንዳይደርስ አዘዘ። የአንድሪያ ዶሪያን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ አይጠፋውም።

ቀጣዩ እርምጃ አውቶማቲክ የመርከብ መለያ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት መርከቡ ስሙን፣ ያለበትን ቦታ፣ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን በሬድዮ በየጊዜው ራሱ ያሳውቃል። በዓለም አቀፉ ስምምነት ላይ በ2000 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ጠቅላላ ቶኔጃቸው 300 እና ከዚያ በላይ የሆኑ በዓለም አቀፍ ጉዞ የተሰማሩ መርከቦችና የመንገደኞች መርከቦች በሙሉ እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ እንዲታጠቁት ተደርጓል። የባሕር በር የሌላት አገራችን ኢትዮጵያም የራሷ የንግድ መርከቦች ያሏት በመሆኗ፣ ከጅቡቲ ተነስተው በጠባቡና መርከብ በሚበዛበት የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በኩል ለሚያልፉት መርከቦቿ ሥርዓቱ የዕለት ተዕለት ሥራ አካል ነው።

መሣሪያዎቹ ይህን ያህል ቢራቀቁም ግጭት ከባሕር ላይ አልጠፋም። በ2017 ሁለት ዘመናዊ የአሜሪካ የጦር መርከቦች በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ በእስያ ውሃዎች ላይ ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተው በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው ደግሞ 10 መርከበኞች ሞተዋል። ከ1972ቱ ደንብ ወዲህ የመርከብ ጥበቃ በዓይንና በጆሮ ጭምር እንዲካሄድ የሚያዘው አንቀጽም አልተሰረዘም።

የቴሌሞቢሎስኮፑ ክፍሎች በአሁኑ ጊዜ በሙኒክ ከተማ በሚገኘው የጀርመን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ በታየበት በኮሎኝ የራይን ወንዝ ዛሬም ቀንና ሌሊት ጭነት ይመላለስበታል። ከዲሴምበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ በወንዙ ላይ የሚጓዙ የንግድ ጀልባዎች የአውቶማቲክ መለያ መሣሪያ እንዲኖራቸው በመደንገጉ፣ በከተማዋ ድልድዮች ሥር የሚያልፈው እያንዳንዱ ጀልባ ጉም ኖረም አልኖረም ስሙንና ያለበትን ቦታ ለሌሎቹ እያሳወቀ ያልፋል።